የእናቴ እግርና የጎረቤቶቼ ደረጃ

በዚህ ዓምድ ስለ ከሰል ጭስ፣ ስለ ቡታጋዝ አያያዝ፣ ሕፃናትን ከኤሌክትሪክ አደጋ ስለ መጠበቅ በየጊዜው ጽፌያለሁ። መምከር ቀላል ነው። የዛሬው ጽሑፌ ግን እኔው መካሪዋ፣ በገዛ እጄ፣ ሃያ ቤተሰብ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ደረጃ በጭስ ስለሞላሁበት ሌሊት ነው። ነገሩን ለማውራት አፍሬ ቆይቻለሁ። ይሁን እንጂ በየብሎኩ ባትሪ የሚሞላ ዕቃ እየበዛ በሄደበት በዚህ ጊዜ ዝም ማለቱ ከማፈሩ የባሰ ሆኖ ስለ ታየኝ ልንገራችሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከሚገኙት ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በምድር ቤቱ ነው። እናቴ አብራኝ ትኖራለች። ዕድሜ ልኳን ቆማ የሠራችባቸው ጉልበቶቿ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከድተዋታል። በከዘራ ተደግፋ ሠላሳ እርምጃ ያህል ትሄዳለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሳመችም፤ ለቅሶ አልደረሰችም። የእድሯን መዋጮ የምወስድላት እኔ ነበርኩ። «ገንዘቤ እድር ይውላል፤ እኔ ግን ከቤት ቀረሁ» ትለኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ በባትሪ የምትሄድ፣ መሪና ቅርጫት ያላት ባለ አራት ጎማ መቀመጫ ላከላት። ፋብሪካው ስኩተር ይላታል፤ የግቢያችን ልጆች ግን «የእማማ መኪና» አሏት። ፍጥነቷ ከፈጣን እግረኛ እምብዛም አይበልጥም። እናቴ በመጀመሪያው እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ከቅርጫቱ ከታ፣ ያለ ደጋፊ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ከደጃፍ ቆሜ ጠበቅኋት። «ልጄ፣ እግሬ መጣልኝ» አለችኝ። ያን ቀን የነበረውን ደስታ እናት ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ዳሩ ግን ይህች እግር የት ትደር? ርዝመቷ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ አንድ መኝታ ቤት ብቻ ያለው በመሆኑ፣ ስኩተሯ ከገባች እኛ መውጣታችን ነው። ስለዚህ ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍት ቦታ መረጥኩላት። ከወጥ ቤታችን መስኮት ኤክስቴንሽን ጎትቼ ባትሪዋን በዚያው እሞላ ጀመር። ማንም አልተቃወመም፤ እናቴን የማይወድ ጎረቤት የለምና። እኔም የጎረቤቶቼን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ሁለተኛው ስህተቴ ቻርጀሩ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ በመሆኑ የእኛን 220 ቮልት እንደማይችል ጽሑፉን አንብቤ ተረድቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ነገር ግን በምትኩ የገዛሁት በዋጋ የረከሰውንና «ያው ባለ 24 ቮልት ነው፣ ይሠራል» የተባልኩትን ነበር። ለየትኛው ዓይነት ባትሪ እንደ ተሠራ፣ ሲሞላም በራሱ ማቆም አለማቆሙን አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መብራት ጠፍቶ ውሎ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። በማግሥቱ የማርያም ዕለት በመሆኑ ስኩተሯን ሳልሰካ መተኛት አልፈለግሁም። የክረምቱ ውሽንፍር እንዳያገኛት በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኳት። ወለሉ እርጥብ ስለ ነበረም ቻርጀሩን ከስፖንጁ መቀመጫ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር አስቀመጥኩት። ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ገብቼ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በራችን በኃይል ተደበደበ። በሁለተኛው ፎቅ የምትኖረው፣ ዳቦ ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ወደ ሥራዋ ስትወርድ ጭሱን አገኘችው። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው እየተደናበረች የወረደችው። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሣ ባልዲ ውኃ ይዤ ስሮጥ እጄን ለቀም አድርጋ፣ «እረ እህቴ ተይ! መጀመሪያ መብራቱን አጥፊው!» አለችኝ። ተመልሼ ብሬከሩን ጣልኩ። ጥበቃው ለግንባታ ከተራገፈው አሸዋ በባልዲ እያመላለሰ ደፋበት። ቻርጀሩ ቀልጦ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል፤ ስፖንጁ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ የሚያወጣው ጥቁር ጭስ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ይጓዛል። ባትሪዎቹ ሳይያያዙ ተረፍን።

የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሆኖም ሲነጋ የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቀሰቅሰኛል። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ጨቅላዋን ታቅፋ፣ ሁለቱን ልጆቿን አስከትላ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወርዳ ነበር። ጭሱ አላሳልፍ ቢላት ልጆቿን ይዛ ወደ ላይ ተመለሰች። ከዚያ በላይ የሚኬድበት ቦታ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ስኩተሯ ከብሎኩ እንድትወጣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ተነሥታ ወደ እናቴ ዞረችና፣ «እማማ፣ እኔ እርስዎን እወድዎታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሳይዎት ደስ ይለኛል። ግን ይንገሩኝ፤ ልጆቼን በየት ላውርዳቸው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴም ከዘራዋን ይዛ፣ «ልክ ነሽ ልጄ። በእኔ እግር የሰው ልጅ ከሚሞት፣ እኔ ቤቴ ብቀመጥ ይሻላል፤ ለምጄዋለሁ» ብላ መለሰች።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በየግቢው እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው አንደኛው ወገን ሲሸነፍ ነው። ወይ ደካማው ሰው እግሩን ተነጥቆ ቤት ይቀራል፤ ወይ ጎረቤት በይሉኝታ ዝም ብሎ በእሳት ላይ ይተኛል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። የእናቴ እግር ቅንጦት አይደለም፤ የጎረቤቴም ደረጃ የእኔ መጋዘን አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 እንደሚለው፣ ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው። የጋራ ማለት ግን «ያልያዘው የለም፣ እኔ ልያዘው» ማለት ሳይሆን፣ አንድ ላይ የምንወስንበት ማለት ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ ሲያዝ ቆይቷል። ቤት የሰጠነውን ሰው መንቀሳቀሻውን የሚያኖርበት ቦታ ከነሣነው ግን ስጦታችን ጎዶሎ ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ያችው የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነች። «የጋራ ማብሰያው ቤት ጓሮ ባዶ አይደለም እንዴ?» አለች። የጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ በየግቢው ለድግስ ማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራ ቤት አለ። ጉባኤው ተስማማ፤ ወረዳውንም አስፈቀድን። ከብሎኩ ስምንት ሜትር ያህል ርቃ፣ ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ በሯ ላሜራ የሆነች ትንሽ ክፍል ተሠራች። ግማሹን ወጪ እኔና ወንድሜ፣ ግማሹን ማኅበሩ ቻልን። አየር እንዲዘዋወር ከታችም ከላይም በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ አላት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከነብሬከሩ ራሱን የቻለ መስመር ዘረጋላት፤ የፍጆታውን ሒሳብ የምንከፍለው እኛ ነን።

ይኸው ባለሙያ የተቃጠለውን ቻርጀር አገላብጦ ካየ በኋላ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። ቻርጀር ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት አየር ያስፈልገዋል። እኔ ግን ከሥሩ ስፖንጅ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ አድርጌ አፍኜዋለሁ። ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚያቆም ስላልሆነም ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ አደረ። የእናቴ ስኩተር ባትሪዎች ባለ 12 ቮልት ሁለት የእርሳስና የአሲድ ባትሪዎች ናቸው። እነዚህ ከመጠን በላይ ሲሞሉ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አይታወቅም። በታፈነ ቦታ መሙላት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሁኑ ጊዜ የሚመጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ሞተሮች ደግሞ የሚሠሩት በሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ቀላልና ጉልበታም ነው፤ ነገር ግን ሲጎዳ ወይም በማይስማማው ቻርጀር ሲሞላ ውስጡ ራሱን በራሱ እያጋለ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈነዳል፤ ጭሱ መርዛም ነው፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ተመልሶ ሊነድ ይችላል። በኒውዮርክ ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማይቱም በዚያው ዓመት ደኅንነታቸው ያልተመሰከረላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች፣ ስኩተሮችና ባትሪዎች እንዳይሸጡ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። በእኛም አገር መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ባትሪ መሙላት የሁላችንም ጉዳይ እየሆነ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚከተሉትን ነጥቦች ቆርጣችሁ ከማቀዝቀዣችሁ በር ላይ ብትለጥፏቸው ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ስኩተርም ሆነ ሞተር በደረጃ ሥር፣ በመተላለፊያ ወይም በመውጫ በር አጠገብ አታኑሩ፤ አትሙሉም። በእሳት አደጋ ብዙውን ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ጭስም እንደ ሰው የሚወጣው በደረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዕቃው ጋር በመጣው ወይም አምራቹ በፈቀደው ቻርጀር ብቻ ሙሉ። ከውጭ አገር የተላከላችሁ ከሆነ 220 ቮልት መቻሉን ከጀርባው አንብቡ። የቮልቱ ቁጥር መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፤ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ቀን፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ጊዜ ሙሉ። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰክተን ከጨለማ በፊት እንነቅላለን። ሞልቶ ሲያበቃም ተሰክቶ አይቆይ።

አራተኛ፣ ቻርጀሩን በጠንካራና በማይቃጠል ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በሲሚንቶ ወለል ላይ አኑሩት፤ ምንም ነገር አታልብሱት። ዝናብና ጎርፍ ከማይደርስበት ይሁን።

አምስተኛ፣ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰኩ። ከኤክስቴንሽን በተለይም ምድጃና ማቀዝቀዣ ከተሰካበት አትቀጥሉ። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ ቆይታችሁ ሰኩት።

ስድስተኛ፣ ያበጠ፣ የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም ያልተለመደ ሽታና ሲርሲርታ ያለው ባትሪ አይሞላ፤ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ሰባተኛ፣ እሳት ከተነሣ አስቀድማችሁ ሰው አስወጡ፤ ሳትጠጉ የሚቻል ከሆነ ብሬከሩን ጣሉ። የሊቲየም ባትሪ እየነደደ ከሆነ አትታገሉት፤ በሩን ዘግታችሁ ውጡና በአዲስ አበባ የእሳት አደጋን በ939 ጥሩ።

ለነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። «አውጡ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ቦታ ያጣ ሰው ዕቃውን አይጥልም፤ ደብቆ መኝታ ቤቱ ያስገባዋል፤ አደጋውም ከዓይናችሁ ይሰወራል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ ስትከለክሉ ምትክ ቦታ አብራችሁ አዘጋጁ። ተከራይ ከሆናችሁም ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት አከራያችሁንና ማኅበሩን አነጋግሩ።

የእኛ ክፍል ከደጃችን አርባ አምስት እርምጃ ትርቃለች። እናቴ ደግሞ ሠላሳውን ብቻ ነው የምትችለው። የቀረውን አሥራ አምስት እርምጃ እንዴት እንደምንሞላው ስንጨነቅ፣ የአራተኛ ፎቋ ጎረቤቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጣና ቁልፉን ጠየቀ። ያን ሌሊት እናቱን ተከትሎ ከወረደበት የተመለሰው ልጅ ነው። አሁን በየእሑዱ ጠዋት ስኩተሯን ቀስ አድርጎ እየነዳ ከበራችን ያደርሳታል፤ እናቴም ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ በመጀመሪያ የምትጸልየው ለእሱ እንደ ሆነ ነግራኛለች።

እናንተም ዛሬ ማታ በራችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ደረጃችሁን እዩልኝ። ከሥሩ አንዳች ነገር ተሰክቶ ካገኛችሁ፣ ባለቤቱን ሳትቆጡ አንኳኩበት፤ ከዚያም የት ቢቀመጥ እንደሚሻል አብራችሁ ምከሩ።