የእማማ ልቃቂት

እማማ በሐምሌ መጨረሻ 1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ከአሥራ አንዱ የልጅ ልጆቻቸው ሰባቱ ባሕር ማዶ ነበሩ፤ አራቱ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሁለቱ ጀርመን፣ አንዷ ቤይሩት። ለቀብር የደረሰ አንድም የለም። ገሚሱ የጥገኝነት ጥያቄው ገና መልስ አላገኘም፤ የቤይሩቷ ደግሞ ፓስፖርቷ አሠሪዋ ቤት ተቆልፎበታል። በአገር ቤት ደንብ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ፣ ደጅ ድረስ ተሂዶ ነው። ለነዚህ ግን በስልክ ደረሰ፤ ለዚያውም የስልክ ካርዱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።

አርባቸው ከእንቁጣጣሽ ጋር ገጠመ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ የትልቋ የልጅ ልጅ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቀጤማ ቢያጡ የታጨደ ሣር ጐዝጉዘው ቡና አፈሉ። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ እንቁጣጣሽ የእማማ መታሰቢያም ሆነ።

ቀኑ ለዚህ ቤተሰብ ቀድሞውንም ከባድ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. አሜሪካ በአውሮፕላን ስትመታ አዲስ አበባ አዲስ ዓመት ነበር። አንዱ የፔንታጎን ሕንፃ አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የሚሠራው መባሉን እማማ ሰምተዋል። መስመሩ ተጨናንቆ አልገባ ሲል የበዓሉን ዶሮ ወጥ ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድምፁን ሲሰሙ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በላህ?»

አደይ ግን ሜሪላንድ ከየት ይምጣ? የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሱፐርማርኬት ቢጫ አበባ አሳለፉ። በኋላ አንደኛው ታክሲ ሲነዳ ከመንገድ ዳር ረግረግ ላይ ቢጫ ሆኖ የፈካ አበባ አየና በእቅፉ ሙሉ ይዞ መጣ። አክስትየው አደይ ነው አሉ፤ የተማሩት ሳቁባቸው። ነገሩ ሲጣራ ግን አክስትየው ብዙም አልተሳሳቱም። በአካባቢው በነሐሴና በመስከረም የሚፈካው ያ አበባ፣ ሳይንስ ቢደንስ ብሎ ከሚጠራው የአደይ ወገን ነው። ስሙ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ሲሆን፣ ፍሬው እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ ይጣበቃል። የታክሲው ወንበር ምስክር ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእማማም ቤት ፈረሰ። ዕቃ ለማውጣት የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለ ነበር ብዙው ነገር እዚያው ቀረ። የእንጨት ሣጥናቸው ግን ወጣ። ውስጡ ወንዶቹ ልጆች በየእንቁጣጣሹ በቀለም ሥለው የሰጧቸው የአበባና የመላእክት ወረቀቶች ተገኙ። እማማ በስሙኒ የገዟቸው ናቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ የማንን ሥዕል ከማን እንደሚለዩ የሚያስበው ሰው አልነበረም፤ ለካ የእያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠቅልለው በተለያየ ቀለም ክር አስረውታል። ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የተላከላቸውን ፎቶግራፍ እያዩ «ይህ የእኔ ነው!» እየተባባሉ ተከራከሩ።

ጠብ የመጣው በሣጥኑ ግርጌ በተገኘው ልቃቂት ነው። እማማ ለየልጅ ልጃቸው በገዛ እንዝርታቸው ፈትለው ያለብሱ ነበር፤ ለወንዶቹ ጋቢ፣ ለሴቶቹ ቀሚስና ነጠላ። አሥሩ ደርሷቸዋል። የቀረው የመጨረሻዋ፣ የቤይሩቷ ድርሻ ነው፤ እሷ ስትሰደድ ገና ፈትል ነበር። ጀርመን ያለው ወንድም፣ ክሩ የእማማ ጣት ያለፈበት ስለ ሆነ ሳይነካ እንደ ቅርስ ይቀመጥ አለ። ይህን የተናገረው የራሱን ጋቢ ተከናንቦ መሆኑ ትንሽ ያስገርማል። የቤይሩቷ ብዙ አልተናገረችም፤ «ሁላችሁ ለብሳችኋል» ብቻ አለች።

አክስትየው ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ልቃቂቱን ሽሮ ሜዳ ወስደው ለሸማኔ ሰጡ። ሸማኔው ለቀሚስ አይበቃም፣ ነጠላ ግን ይወጣዋል አለ። ነጠላው በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በመንገደኛ እጅ ቤይሩት ገባ። እማማ የሚወዱት ቀይ ጥለት ነበር፤ እሷ ግን አረንጓዴ ይሁንልኝ ብላ አሠርታለች።