ማረሻ ያልነካው አፈር

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በሬ ፈልጉ በሏቸው፤ ማግኘታቸውን እንጃ። በገዳማቱ የቆየ ሥርዓት እዚያ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው፤ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው።

ታዲያ ያለ ፍግ ቡናው ለዘመናት እንዴት አፈራ? ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ዳር ከልጄ ጋር ቅጠሉን ገለጥ አደረግን። ከላይ ደረቅ፣ ከሥሩ የበሰበሰ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ሲጨብጡት የሚፈረፈር አፈር። ትል ስታይ ጮኸች። «ትል ያለበት አፈር ጤነኛ ነው» አልኳት። ዋንዛው ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሰሳና ብርብራ ደግሞ በሥራቸው ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳሉ።

በመርዓዊ በኩል ያለው ቀይ አፈር ግን ኮምጣጣ ነው። ለሻይ ቢሆን በተስማማ፤ የከፋው ውሽውሽ ሻይ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ገብስና ባቄላ ግን ስለሚጎዱበት ኖራ ይበተንበታል።

የዘጌ ስጋት ሌላ ነው። ስንመለስ ማገዶ የጫነ ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዘፍ አየን። ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩን የሚመግበው ቅጠልም አብሮ ይሄዳል። ቀዛፊውን ግን ልወቅሰው አልቻልኩም፤ ቡናው የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፣ እስከዚያ ቤቱ በምን ይቆይ?