ከመተማ ቆላ እስከ መንዝ ደጋ፤ የዕጣን መንገድ

በመንዝ ደጋ፣ በቀየት፣ በልጅነቴ በግብረ ዲቁና ሳገለግል ከሥራዎቼ አንዱ በጽናው ላይ ፍም አዘጋጅቶ ለካህኑ ማቅረብ ነበር። ዕጣኑ በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። መምህሬ አንዲት ፍሬ እንኳ ወለል ላይ ወድቃ ካዩ፣ «አንሣት ልጄ፤ ከሩቅ ሀገር የመጣች ናት» ይሉኝ ነበር። ያ ሩቅ ሀገር የት እንደ ሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ዓመታት አልፈው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ፣ አንዲት ተማሪ በክፍል ውስጥ ተነሥታ «መምህር፣ ዕጣን ከምን ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከዛፍ» ከማለት በቀር የምጨምረው አልነበረኝም። በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር የመተማን መንገድ ያስጀመረኝ ይህ ዕፍረት ነው።

ከመንዝ ተነሥቶ መተማ ለመድረስ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ መውረድ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር መግባት፣ ከዚያም ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በአይከል በኩል ወደ ቆላው መዝለቅ ያስፈልጋል። ከቤቴ የለበስሁትን ጋቢ ገና ሸኸዲ ሳልደርስ አጥፌ በሻንጣ ከተትሁት። ይህ ምድር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበት ነው። ታሪኩን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ በዚያው ምድር ስለሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ግን አንድም ቀን አላስተማርሁም።

ዛፉ ድንጋያማ በሆነው ተዳፋት ላይ ይቆማል። ልጡ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። በበጋ ቅጠል የለውም፤ ለማያውቅ ሰው የደረቀ ይመስላል። ዕጣኑ የሚለቀመው ግን በዚሁ ቅጠል አልባ ወራት፣ ከጥቅምት ገደማ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ለቃሚው በትንሽ ስለታም መቁረጫ ከግንዱ ላይ ስስ ልጥ ያነሣል፤ ወዲያው እንደ ወተት የነጣ ጠብታ ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለስና የረጋውን ፍቆ ከወሰደ በኋላ ቁስሉን እንደ ገና ጥቂት ያድሰዋል። እንዲህ እያለ በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

የዛፍን ፈሳሽ ሰብስቦ የሚኖር ሰው በሌላም ሀገር አለ። በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ በክረምቱ መውጫ በስተው ጣፋጭ ውሃ ይቀዳሉ። ያ ውሃ ስስ ስለ ሆነ አንድ ሊትር ወፍራም ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ማፍላት ያስፈልጋል። ቶሎ ካልፈላም ይበላሻል፤ ስለዚህ ከዛፉ እስከ ማፍያው ቤት በቧንቧና በበርሜል እየተቻኰሉ ያደርሱታል። የእኛው ግን በገዛ ዛፉ ላይ ይደርቃል፤ በርሜልም እሳትም አይሻም። ስለ ደረቀ ግን ጥንቃቄ አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

ይህን ያስረዱኝ በዕጣን ማከማቻ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ የተለቀመ ዕጣን ውስጡ ገና እርጥብ ነው። በፀሐይ ቢከመር ቀልጦ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ፍሬ ፍሬው ጠፍቶ አንድ ጓል ይሆናል። ስለዚህ በጥላ ሥር በስሱ ይዘረጋል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል። ከደረቀ በኋላ አየር በሚያስገባ ጆንያ ይሞላል። ጆንያውም መሬቱን እንዳይነካ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። ከዛፉ እስከ ማከማቻው ሰው ወይም አህያ ይሸከመዋል፤ ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና ይቀበለዋል። በመጨረሻም ሴቶች ተቀምጠው በመጠንና በቀለም ይለዩታል። ትልቅና ነጣ ያለው ፍሬ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣል፤ ደቃቁና ቅርፊት የተቀላቀለበት ዝቅ ይላል። ቡና ስናፈላ በቤታችን የምናጨሰውም፣ በቤተ መቅደስ የሚታጠነውም በእነዚህ ሁሉ እጆች ያለፈ ነው።

ሽማግሌውን «ዛፉ አይጎዳም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ላምስ ሁልጊዜ ብትታለብ አትነጥፍም ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ግን የላሚቱ ብቻ አይደለም፤ ጥጃው ነው። እዚህ ዱር ውስጥ ስትዞር ልጅ ዛፍ አየህ?» አሉኝ። በማግሥቱ ከለቃሚዎች ጋር ስንዞር በእርግጥ ያየሁት ሁሉ ያረጀ ዛፍ ነበር።

ከጉዞዬ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ደኖችን ያጠኑ ሊቃውንት የሽማግሌውን ቃል የሚያጸና ጽሑፍ አወጡ። ከተጠኑት ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች የሉም። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብለዋል። በክረምት የሚበቅለውን ችግኝ ከብት ይበላዋል፤ የበጋ እሳት ያቃጥለዋል። ሽማግሌዎቹን ዛፎች ደግሞ ዕረፍት የሌለው ቁስልና ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ ይጥላቸዋል። የዱሩም ስፍራ ለእርሻ ይመነጠራል።

ወደ መንዝ ስመለስ በመንገድ ሁሉ ያሰብሁት ስለ ጓሳችን ነበር። አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልጉት ነበር፤ ነገር ግን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያሳርፉት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ብቻ በአንድነት ይከፍቱታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋመ። እንግዲህ የዕጣኑ ዛፍ የሚሻው ለእኛ እንግዳ የሆነ ጥበብ አይደለም፤ ይኸውም ከተለቀመ በኋላ ዛፉን ለዓመታት ማሳረፍና ችግኙን ከከብትና ከእሳት አጥሮ ማሳደግ ነው።

ስመለስ ለተማሪዬ አንዲት የዕጣን ፍሬ ይዤላት መጣሁ። ተቀብላ አሸተተችና «ዛፉ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለችኝ። ይህኛው ጥያቄ ግን ለመምህሯ ብቻ የቀረበ አልነበረም። በየቤታችን ፍም ላይ ዕጣን የምንጨምር ሁሉ የምንመልሰው ነው።