በሰው ስም የወጣ ደንብ

ሰው የገዛ ፈቃዱን በገዛ ስሙ ለመናገር ሲያፍር የጎረቤቱን ስም ይዋሳል። ይህ ጠባይ በቤት ውስጥ ሲሆን ጥቂት ቅሬታ ያስከትላል፤ በሹማምንት እጅ ሲገባ ግን ደንብ ይሆናል። ይህንንም የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ራሳችን በዚሁ ስሕተት ስለ ወደቅን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናገለግልበት በነበረው መሥሪያ ቤት፣ የሴት ሠራተኞችን አለባበስ የሚወስን ማስታወቂያ እንድናረቅቅ አለቃችን አዘዙን። ቀሚሱ ከጕልበት በታች፣ እጅጌውም ከክርን በታች እንዲሆን ጻፍን። ምክንያቱን ለመጻፍ በደረስን ጊዜ ግን ብዕራችን ቆመ፤ «አለቃው አጭር ቀሚስ አይወዱም» ተብሎ አይጻፍምና። ብዙ ካሰብን በኋላ «በቍጥር አነስተኛ የሆኑትን የሙስሊም ባልደረቦቻችንን ስሜት ለመጠበቅ ሲባል» የሚል ጨመርን። ቃሉ ለጆሮ ያማረ፣ ለተቃዋሚም የማይመች ስለ ነበረ ደስ አለን።

በሳምንቱ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት ሙስሊም እናት ወደ ጠረጴዛችን መጡ። «ልጄ፣ ይህን ስሞታ መቼ ነገርሁህ?» አሉን። «እኔ የራሴን ሻሽ አስራለሁ እንጂ የሰው ቀሚስ ለክቼ አላውቅም። አሁን ግን ልጆቹ ‹ያስከለከሉን እርሳቸው ናቸው› እያሉ በምሳ ሰዓት ከአጠገቤ ይነሣሉ።» የምንመልሰው ቃል አጣን። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ መሰለን።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር እንደ ተደረገ ስናነብ ልባችን ቶሎ ይነካል። በእስራኤል «ሐሬዲ» የሚባሉት፣ የሃይማኖታቸውን ሥርዐት እጅግ አጥብቀው የሚይዙ አይሁድ፣ በአገሩ ሕዝብ መካከል አነስተኛ ወገን ናቸው። የእነርሱ ስሜት እንዳይነካ ተብሎ በአንዳንድ የሕዝብ አውቶቡሶች ወንዶች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ ይቀመጡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ይህን በመቃወም ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ካመለከቱት አንዷ ደራሲዋ ናኦሚ ራገን ስትሆን፣ እርሷም ሃይማኖቷን አክባሪ ናት። የመጓጓዣ ሚኒስትሩ እስራኤል ካትስ ራሳቸው ከሐሬዲ ወገን ሳይሆኑ፣ መለያየቱ በፈቃድ ከሆነ ይቀጥል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ ግን በ2011 ማንም ሴት ከመረጠችው ወንበር እንድትነሣ ልትገደድ አይገባም ሲል ፈረደ።

በቤት ሼሜሽ ከተማም በአደባባይ የተሰቀሉ ጽሑፎች ሴቶች ረጅም እጅጌና ረጅም ቀሚስ እንዲለብሱ ያዝዙ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ሳያስነሣቸው ለዓመታት ስለ ቆየ፣ በ2015 ለከሰሱት ሴቶች ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት። እነዚህም ከሳሾች ሃይማኖተኞች ነበሩ።

እኛ ጨዋነትን የምንነቅፍ አይደለንም፤ በልብስ ነገር በእውነት የሚያዝንም ሰው ይኖራል፤ ኀዘኑም ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን ስለ ስሜቱ ሊናገር የሚችለው ባለ ስሜቱ ነው፤ በአንድ ሃይማኖት ጥላ ሥር ያሉትም ሁሉ አንድ አሳብ የላቸውም። ሹም ሳይጠይቃቸው በስማቸው ሲደነግግ፣ ደንቡ የእርሱ ሆኖ ሳለ ጥላቻው ግን የእነርሱ ይሆናል።

ከዚያች እናት ጋር ከተነጋገርን በኋላ ወደ አለቃችን ገብተን ያ ቃል እንዲሰረዝ ለመንን። «ታዲያ ምን ምክንያት እንጻፍ?» አሉን። ዝም አልን። እርሳቸውም ጥቂት አስበው ማስታወቂያውን አስነሡት። ሆኖም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እስክንዛወር ድረስ እኒያ እናት ምሳቸውን ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ሲበሉ እናይ ነበር።

ስለዚህ እንደ እኛ ደንብ ለሚያረቅቁ አንባቢዎቻችን የምናሳስበው ይህን ነው፤ በሰው ስም ከመጻፋችን በፊት ባለ ስሙን እንጠይቅ፤ ምክንያቱ የራሳችን ከሆነም በራሳችን ስም እንፈርምበት።