የአባቴ ስፒከር



ባለፈው ክረምት ደሴ ቤታችን ስደርስ አባቴን ያገኘኋቸው ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው። የሚያዳምጡት የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቂራኣት ነበር፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ በድምፅ የተቀዳ የመጀመሪያውን ሙሉ ቁርኣን። አባቴ በልጅነታቸው የሐፈዙ ሰው ናቸው። መድረሳ ከመግባቴ በፊት አሊፍ፣ ባእ ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ግን፣ «ልጄ፣ ፋእና ሳእ አልለይልህ አለኝ። የከዳኝ ጆሮዬ ይሁን ሒፍዜ አላወቅሁም» አሉኝ። አባቴን ፈርተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሪያድ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «አንተ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አይደለህ እንዴ? ለአባ ጥሩ ስፒከር ፈልግላቸው» ብላ ብር ላከች። ብሩ በምን ድካም እንደሚገኝ ስለማውቅ በእጄ ያለ አማና ሆነብኝ። መጀመሪያ ከላዩ ቀንሼ ጆሯቸውን አስመረመርኩ። ሐኪሙ በዕድሜ ምክንያት ቀጫጭን ድምፆችን መስማት እንደቀነሱ ነገረን። ፋእና ሳእን የሚለያቸው ደግሞ ያ ቀጭን የትንፋሽ ድምፅ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሒፍዜ አለ ማለት ነዋ!» አሉ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፦ አክቲቭ ስፒከር ልግዛ ወይስ ፓሲቭ?

ልዩነቱ አምፕሊፋየሩ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ለፓሲቭ ስፒከር አምፕሊፋየሩ ለብቻው ይገዛና በሽቦ ይገናኛሉ። ድምፁን ወደ ወፍራምና ቀጭን የሚከፍለው ክሮስኦቨር ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ነው ያለው፤ ከኃይሉም ጥቂቱን በሙቀት መልክ ያባክናል። አክቲቭ ስፒከር ግን አምፕሊፋየሩን በሆዱ ይዞ ይመጣል። በደንብ የተሠራው አክቲቭ ድምፁን ከአምፕሊፋየር በፊት ስለሚከፍል ለወፍራሙም ለቀጭኑም የየራሱ አምፕሊፋየር አለው፤ ሠሪውም ሁሉንም ልክ በልክ አጋጥሞ ያወጣዋል። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሁሉ ወደዚህ ያደላል። ገበያ ላይ ያሉት ርካሾቹ ጥንዶች ግን ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩን በአንደኛው ሳጥን ብቻ ይዘው ሌላውን በሽቦ የሚያሠሩ ናቸው።

ደግሞም አንድ ጊዜ ከስሬበታለሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የነን ካፌ ብሬን አጠራቅሜ፣ ላዩ ላይ «1000 ዋት» የሚል የተጻፈበትና መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አክቲቭ ስፒከር ገዝቼላቸው ነበር። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይል ጨምሮ መጣና የተቃጠለ ነገር ሽታ ቤቱን ሞላው። የሰፈራችን ሬዲዮ ሠሪ ፈተው አዩት። «ስፒከሩ ደህና ነው፤ የሞተው ቦርዱ ነው። ግን ይኼን ቦርድ ከየት ላምጣልህ?» አሉኝ። በአንድ ሳጥን ስለታሰሩ ደህናውም ከሞተው ጋር ጓዳ ገባ።

ዘንድሮም ወደ እሳቸው ሄድኩ። «የአባትህ የድሮው ቴፕ ስፒከሮች የት ደረሱ?» ብለው ጠየቁኝ። ለካ ቡፌው ላይ የእናቴን ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል! አባቴ የሼህ ሙሐመድ አወልን መንዙማ ያዳምጡባቸው የነበሩ ናቸው፤ ቴፑ ከሞተ ግን ዓመታት አልፈዋል። ጀርባቸው ላይ 8 ኦም ይላል። ጋሼ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ነካ ሲያደርጉባቸው ሁለቱም «ቋ» አሉ።

ስለዚህ የገዛሁት በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ብቻ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፦ እንዲህ ያለው፣ ብሪጅ ከሆነ፣ በ8 ኦም ላይ ቢበዛ 9 ዋት ያህል ያወጣል። ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ብዙ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ኃይሉ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 3 ዴሲቤል ይጨመራል። 8 ዋት 94 ዴሲቤል ማለት ነው፤ የሰው ንግግር በዚያው ርቀት 60 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል።

ትልቁ ለውጥ ግን ያለ ብር የመጣ ነው። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርጄ ከመስገጃቸው 1 ሜትር ርቀት ላይ፣ በጆሯቸው ቁመት አስቀመጥኳቸው፤ ቀጭን ድምፅ ፊት ለፊት ነውና የሚጠነክረው። ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር መቅረብ በሜዳ ላይ 12 ዴሲቤል፣ ማለትም ኃይልን 16 እጥፍ እንደማሳደግ ነው። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ልዩነቱ ያንሳል፤ ቢሆንም ፊደላቱ በማስተጋባት አይደበዝዙም። ድምፁን ብዙ መክፈት ስለማያስፈልግ የጎረቤት ሐቅም ይጠበቃል።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ አል-ሑሰሪን ከፈትኩላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ይከተሉ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱና «መልሰው» አሉ። መለስኩት። «ሳእ ናት» ብለው ፈገግ አሉ። ሁሉም ፊደል አይሰማቸውም፤ ስፒከር ጆሮ አያድስም። ፍርሃቱ ግን ሄዷል።

ከባዶ የምትነሱ፣ መብራታችሁ የማይዋዥቅ፣ ቢበላሽም የሚሠራላችሁ ያለ ከሆነ አክቲቭ ቢሻላችሁ አልቃወምም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ተዉትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚያዳምጠው ማን ነው? ከምን ያህል ርቀት? የተበላሸ ዕለት ማን ይጠግነዋል? በእኛ ቤት ሦስቱም ጥያቄዎች ወደ ፓሲቭ መሩኝ።

የተረፈውን ሒሳብ ከነደረሰኙ ፎቶ ለእህቴ ላክሁላት። «ለአባ ጋቢ ግዛበት» አለችኝ። ደሴ ይበርዳል፤ ገዛሁላቸው።