“ለምን ሐኪም?” ብሎ የጠየቀ የለም

እህቴ “ዶክተር” መባል የጀመረችው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ውጤት በመጣ ማግስት ነው። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች፤ በቃ። አርብ ገበያ ላይ አንደኛ የወጣ ልጅ ሌላ ስም አይሰጠውም። ስኳር ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ “ዶክተር፣ ምን ልስጥሽ?” ይላታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችን ያስጠሯትና የትኛው ክኒን ጠዋት፣ የትኛው ማታ እንደሚዋጥ ከካርቶኑ ላይ ታነብላቸዋለች። “ተባረኪ ዶክተሬ” ብለው ይመርቋታል። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የምትሸሽ ልጅ ናት። ይህን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያውቅም ሹመቱን አያነሳባትም።

አርብ ገበያን ለማታውቋት፦ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአንድ በኩል መሬቱ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ወሎ ነው። ከቆላው ቀበሌ የታመመ ሰው ሲመጣ በቃሬዛ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ፣ ሴቶቹ ከኋላ ውኃ ይዘው። ሕመሙ ከጠና “ሪፈር” ይጻፋል። ሪፈር ማለት ደብረ ታቦር ነው፤ ከዚያም ካለፈ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር። ሰው መኪና ለመኮናተር በግ ይሸጣል፣ ይበደራል። እንዲህ ያለ አገር ጎበዝ ልጁን ሁሉ ዶክተር ብሎ ቢጠራ እኔ አልስቅበትም። የራሱ የሆነ፣ በሩን ሲያንኳኳ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሐኪም ነው የሚፈልገው።

ችግሩ ሌላ ነው። እኛ አገር ሕክምና ለመግባት ማንም “ለምን?” አይልህም።

ውጭ አገር የሚማሩ የአጎቴ ልጆች ስለ ማመልከቻ ሲያወሩ እሰማለሁ። ራስን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ይጻፋል፣ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ካናዳ ያለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረውና ዛሬ ብዙ አገር የተስፋፋ አንድ ዘዴ አለ፤ አመልካቹ ከክፍል ክፍል እየዞረ በየበሩ ለየት ያለ ጥያቄ ይጠየቃል። አንዱ ጋ የተቆጣ ሰው ያናግራል፣ ሌላው ጋ አንድ ከባድ ውሳኔ ቀርቦለት ምን እንደሚያደርግ ያስረዳል። እኛ ጋ ይህን ሁሉ የሚተካው ቁጥር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ቀጥሎ የፍሬሽማን ውጤት። ቁጥሩ ከመጣልህ ትገባለህ። ዶሮ ሲታረድ ትሸሻለህ ወይ የሚልህ የለም።

ቁጥሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2014 ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሆኑ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እህቴ በተፈተነችበት በ2015 ወደ 845 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 27,267 ብቻ አለፉ፤ 3.2 በመቶ። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ስለዚህ “እህትሽን እንዴት ረዳሻት?” ለሚለኝ መልሴ አሰልቺ ነው። እኔ አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከመርካቶ የቆዩ የማትሪክ ጥያቄዎች ኮፒ እየገዛሁ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላክሁ። ፊዚክስ አስተማሪ ሳይኖራቸው በቀረ መንፈቅ አንድ የማውቀው የኢንጂነሪንግ ተማሪ በስልክ እንዲያስረዳት ለመንኩ፤ ካርዱን እኔ እሞላለሁ። ያለቀው ገንዘብ ለመጽሐፍ ሳይሆን ለስልክ ካርድ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ በሶና ቆሎ ቋጥራ ለፈተና ሄደች። ከቤት ውጭ ሳታድር ያደገች ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ስልክ በሌለበት። እናታችን በየቀኑ እየደወለች “ምን አለች?” ትለኛለች። ምን ትላለች፣ ስልክ ከልክለዋታል። በዚያው ሰሞን ክልሉ ውስጥ ተኩስ በረታ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ልጆቹ ፈተናውን ጨርሰው መንገድ ተዘጋባቸው። አርብ ገበያ እስክትገባ ድረስ አባታችን እህል አልቀመሰም ብላኛለች እናቴ። እሱ ግን “ጾም ላይ ስለነበርኩ ነው” ይላል።

ነሐሴ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መስከረም ማለቂያው ላይ ውጤት ሲለቀቅ የእሷን የመፈተኛ ቁጥር ይዤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። በመቶኛ ሲመታ ሰባ ስምንት ገደማ። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት፣ የሌላ ልጅ እንዳይሆን ስሟን አነበብኩ። ከዚያ መደወል። ኔትወርክ የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ማታ አባታችንን አገኘሁት። ቁጥሩን ነገርኩት፤ ዝም አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጥይት ይተኮስ ነበር። ያን ሰሞን ግን የጥይት ድምፅ የደስታ አልነበረምና እናቴ እልል ብላ ብቻ ቀረ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን የሞላነው በስልክ ነው። እሷ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ቆማ፣ እኔ ኮምፒውተር ፊት። እናታችን “ቅርብ ይሁን” ትላለች። አባታችን ከጎኗ ሆኖ “ጎንደር በይ፣ ጎንደር!” ይላል። ልጅ እያለ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ድኗል፤ ለእሱ ሕክምና ማለት ጎንደር ነው። ታሪኩ ራሱ ያግዘዋል። በደንቢያ ሜዳ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ግድም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚያ ነው። የሚገርመው ግን ኮሌጁ መጀመሪያ ያሠለጠነው ዶክተር አይደለም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር። የሐኪም ትምህርት የተጨመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። አባቴን ያዳነውም ምናልባት ጤና መኮንን ይሆናል፤ እሱ ግን “ዶክተሩ” ነው የሚለው፣ እኔም አላርመውም።

ምደባው ክልሉ ውስጥ ደረሳት። ዩኒቨርሲቲው ግን በጦርነቱ ምክንያት ቶሎ አልጠራም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። እሷ መንገድ ሲከፈት ጠብቃ እኔ ጋ መጣችና አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ አብረን መጠበቅ ጀመርን። ስትጠብቅ ትከሳለች፣ ሳታነብ ትውላለች። በዚህ መሃል ነው አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ጥቂት ልጆች የክፍያ ቅናሽ እንደሚሰጥ የሰማሁት። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅም አለ። ብንሞክረው ምን እንከስራለን ተባባልን።

የጽሑፉን አለፈች። ለቃለ መጠይቁ እኔ አልጋው ላይ ጠያቂ፣ እሷ በርጩማው ላይ ተጠያቂ ሆነን ሦስት ማታ ተለማመድን።

“ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?”

“ሕዝቤን ማገልገል ስለምፈልግ።”

“የትኛውን ሕዝብ?”

ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ሽሮው ያርራል።

በሁለተኛው ማታ መልሱ ረዘመ፤ የሕፃናትና የእናቶች ሞት፣ የገጠሩ ችግር፣ ሁሉም አለበት። እንደ ዜና ነው የምታነበው። ውሸት አይደለም፤ ግን ማንም ሊለው ይችላል። በሦስተኛው ማታ ደከማትና “እውነቱን ልንገርሽ እትዬ? ውጤቴ ስለመጣ ነው” አለችኝ። “ሰባ ስምንት ያመጣ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ሁሉም ዶክተር ሲለኝ አድጌ አሁን ተነሥቼ ጂኦሎጂ ልበል?”

ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መልስ የሰጠ የሕክምና ተማሪ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ነጥቡ ነው የሚገፋን። ከፍ ካለ ሕክምና፣ ትንሽ ዝቅ ካለ ኢንጂነሪንግ፣ ከዚያ ዝቅ ካለ ሌላው። ልጁ አይመርጥም፤ ነጥቡ ይመርጥለታል። መጥፎ ሐኪም ያደርጋል ማለቴ አይደለም፣ ፍቅር ከጋብቻ በኋላ የመጣላቸው ባልና ሚስት ሞልተዋል። ግን ጥያቄው አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሌሊት ተረኛ ሆና፣ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ፣ ጓንት ባለቀበት ከሚመጣባት ሽሮ እያረረ እዚህ ቢመጣ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ስል እሷ ቀጠለች።

“አንድ ነገር ግን አለ። የጎረቤታችን የጉልበት መድኃኒት ትዝ ይልሻል? አንዱን ከጤና ጣቢያ፣ አንዱን ከከተማ ፋርማሲ ነው የገዙት። ካርቶኑ ሌላ፣ ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ። ከሥር በደቃቁ የተጻፈው ግን ሁለቱም ላይ ዲክሎፌናክ ይላል። አንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ እየዋጡ ነበር። ሆዴን ያቃጥለኛል ይሉ የነበረው ለዚያ ይሆን ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ አንዱን አስቆመቻቸው። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደስ ብሎኝ።”

“ይህን ለምን አትነግሪያቸውም?”

“ይህማ ወሬ ነው እንጂ መልስ ነው እንዴ?”

ነገረቻቸው። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስትወጣ ነው የነገረችኝ። ሦስት ሆነው ሰምተዋት አንደኛው መምህር “ታዲያ ፋርማሲ ለምን አትገቢም?” አላት። እሷስ? “እሱንም እያሰብኩበት ነው” ብላ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ስትነግረኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ደግሞም “አበቃልን” አልኩ በሆዴ።

አላበቃልንም፤ ተቀበሏት። ቅናሹ ግማሽ ክፍያ ነበር። ግማሹም ቢሆን የአባቴን ሁለት በሬዎች በመጀመሪያው ዓመት ይበላል፤ ትምህርቱ ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። አባቴ “ይሸጣሉ” አለ፣ ሳያንገራግር። እሷ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ “አባዬ፣ በሬ ሳይኖርህ እኔ ምን ልብላ ብዬ ነው የምማረው?” አለችው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ጠራና ክርክሩ በዚያው ቀረ።

ስለ ፍሬሽማን ብዙ አልልም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ። ሕክምና የሚገባው እዚያ በሚመጣው ውጤት ተወዳድሮ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ወር ሻይ አብረው የሚጠጡ ልጆች በሦስተኛው ወር ደብተር መደባበቅ ይጀምራሉ። እሷ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነው፣ ስድስቱ በየአገራቸው “ዶክተር” ሲባሉ ያደጉ ነበሩ። ስድስት አርብ ገበያ በአንድ ክፍል። አንዷ ውጤቷ ዝቅ ሲል ወደ ቤት መደወል አቆመች፤ የእሷ ቤተሰቦች በእህቴ ስልክ እየደወሉ ያገኟታል። ይህን ስሰማ እህቴን ስለ ነጥብ መጠየቅ ተውኩ። “ምን በላሽ?” ነበር የምላት። እናቴም የአባቴን አፍ ዘጋችልኝ፤ እንዴት እንደዘጋችው አላውቅም፣ አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል።

የትምህርት ክፍል መምረጫው ሲመጣ ማታ ደወለች። “እትዬ፣ ፋርማሲን አንደኛ ብሞላውስ?”

አባቴ ፊቴ ላይ መጣ። ባለሱቁ መጣ። ነጥቧ ለሕክምና የሚበቃ ነበር። “ወረቀት ያዢና የፋርማሲ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚሠራውን ጻፊ፤ በሌላኛው ገጽ የሐኪሙን። የማታውቂውን ሲኒየሮቹን ጠይቂ” አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለች። ፋርማሲስቶቹንም፣ ተለማማጅ ሐኪሞቹንም ጠይቃ ነበር። “ፋርማሲ ስትሆኚ የተጻፈው ነው እጅሽ የሚገባው፤ ስህተቱን ትይዣለሽ። እኔ ግን ሰውየው አፉን ከፍቶ ‘እዚህ ጋ ያመኛል’ ሲል እዚያ መሆን ነው የምፈልገው” አለች። ሕክምናን አንደኛ፣ ፋርማሲን ሁለተኛ ሞላች። የመጀመሪያው ደረሳት። አናቶሚ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ከበሩ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ገብታ በር አጠገብ ቆመች። አሁን መሃል ላይ ናት።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ አንዳንዶቹም ሲታሰሩ፣ አባታችን ሬዲዮ ሰምቶ ደወለልኝ። “ሐኪም ራቡኝ ይላል አሉ። እውነት ነው?” እውነት ነው አልኩት። ተለማማጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ አንድ ሐኪም በወር የሚያገኘው ለቤት ኪራይ እንኳ እንደማይበቃ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። “ታዲያ ልጄን ምን ውስጥ ነው የከተትናት?”

ለእሷው ደወልኩና ጥያቄውን እንዳለ ነገርኳት፤ አባቴ የጠየቀውን እኔ የምመልስበት ምክንያት የለም።

“እኔው ነኝ የሞላሁት በይው” አለች። “ደግሞ ሰኞ ፈተና አለብኝ፤ እሑድ ማታ ካልሆነ አትደውሉ።”