ሁሉም ነገር አያድርም

በእኛ በአቦቦ ሚያዝያ ማንጎ የሚበስልበት፣ ሌሊቱም እንደ ቀኑ የሚሞቅበት ወር ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የአዳር ጸሎት ነበረን። ቁርስ እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአዳር ጸሎት የምናቀርበው ሻይና ዳቦ ብቻ ነበር። እኔ ግን አርባ ሰው ሲጸልይ አድሮ ንጋት ላይ የሚደነቅበትን ነገር ላቀርብ ፈለግሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መመስገንም አምሮኝ ነበር።

ምግቡን የተማርኩት አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሆኜ ስማር ነው። አክስቴ ቅዳሜ ማታ ሳምንቱን የተረፈውን ዳቦ ቆራርሳ በትሪ ትደረድራለች። እንቁላል ከወተት፣ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር ትመታና በላዩ ታፈስበታለች። ከዚያ ከድና ፍሪጅ ውስጥ ታሳድረዋለች። እሑድ ጠዋት ወደ ኦቨን ትከተዋለች፤ ልጆቿ ለብሰው ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ካፌ ስንገባ ፍሬንች ቶስት ተብሎ የሚቀርብልን በመጥበሻ አንድ በአንድ የሚጠበሰው ነው፤ የአክስቴ ግን በአንድ ትሪ ለቤተሰቡ ሁሉ ይበቃል። «እሑድ ጠዋት ጭቅጭቅ እንዳይኖር ቅዳሜ ማታ ሥራዬን እጨርሳለሁ» ትል ነበር።

ፈረንሳዮች በእንቁላልና በወተት የተነከረውን ዳቦ «ፓን ፔርዱ» ይሉታል፤ የጠፋ ዳቦ ማለት ነው። ደርቆ ሊጣል የነበረው ዳቦ ስለሚተርፍበት ነው። ጥንታዊ የሮማውያን የምግብ መጽሐፍም ዳቦን በወተት ነክሮ፣ ጠብሶ፣ ማር አፍስሶ ስለመብላት ይናገራል። የደረቀ ዳቦና የተራበ ቤተሰብ ባለበት ሁሉ ሰው ይህን ዘዴ ሳያገኘው አልቀረም።

እዚህ ላይ ቁርሱን ላቆየውና ከዚያ ዓርብ በፊት ስላለፉት ሦስት ሳምንታት ልንገራችሁ።

በመዘምራን ኅብረታችን ውስጥ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። እርሷ አኙዋክ ናት። የእኔ አያቶች ደግሞ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከከምባታ በሰፈራ ወደዚህ የመጡ ናቸው። ጋምቤላን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እኛን እስከ ዛሬ «ደገኛ» ይሉናል፣ በቁጥር የሚጠሩት የሰፈራ መንደሮችም አሁንም በቁጥራቸው ይጠራሉ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አቦቦ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አድገናል፤ አልዌሮ ወንዝ አብረን ውኃ ቀድተናል። አኙዋክኛ እሰማለሁ፤ ደፍሬ ግን አልናገርም። እርሷ «ገበያ ላይ ዋጋ ስትከራከሪ ግን ትችይበታለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የወጣቶች ኮንፈረንስ በነበረን ጊዜ መርሐ ግብሩን የምመራው እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ ገፋ፣ ሰባኪው እየጠበቀ ነበር፤ ስለዚህ ከቀሩት ሁለት መዝሙሮች አንዱን ሰረዝኩ። የሰረዝኩት የአኙዋክኛውን ነበር። ጓደኛዬ ያንን መዝሙር ለመምራት ለአንድ ወር ስትለማመድ ቆይታለች፤ እናቷም ልትሰማት መጥታ ነበር።

«ሰዓት አጥሮብን ነው» አልኳት ከጉባኤው በኋላ።

«ሰዓቱ ሁልጊዜ የሚያጥረው የእኛ መዝሙር ላይ ሲደርስ ነው» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ይቅርታ ብዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እኔ ግን «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ዘር ትወስጂዋለሽ» ብዬ መለስኩላት። ዝም ብላ አየችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በልምምድ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ዘመርን፤ ግን አልተነጋገርንም። ሌሎቹ ምንም አላስተዋሉም። ለካ ሰው ተኳርፎም ድምፁን ከሌላው ጋር አስማምቶ መዘመር ይችላል።

አሁን ወደ ዓርብ ማታ ልመለስ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ማዕድ ቤት አርባ እንቁላል ሰበርኩ። ገንዘቡ ከወጣቶች ሣጥን የወጣ ነው። ሦስት ሊትር ወተት ጨመርኩ፣ ስኳርና ቀረፋ ጨመርኩ፣ ሃምሳ ዳቦ ቆራርሼ ሁለት ትልልቅ ሰፋፊ ድስቶች ሞላሁ። ሠላሳ የሚሆን ዳቦ ቦታ ስላጣ በሰፌድ ላይ ክፍቱን ተውኩት። ፍሪጅ የለንም። ድስቶቹን ከድኜ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬባቸው፣ ጥግ ካለው ቀዝቃዛ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። «ሌሊት ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ እስከ ጠዋት ምን ይሆናል?» አልኩ ለራሴ።

ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ተራው የንስሐ ጸሎት ነበር። የሚመራን ወንድም ኤፌሶን 4፥26ን አነበበልንና ቁጣ ከጀምበር መጥለቅ ማለፍ እንደሌለበት አስረዳን። «ከጎናችሁ የተቀየማችሁት ሰው ካለ አሁን ተነሡና አናግሩት» አለ። ጓደኛዬ ከሁለት ሰው በኋላ ተንበርክካ ነበር። ልቤ መታ። እንደምነሣ አውቄ ነበር፤ ግን አልተነሣሁም። «ነገ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ በእርጋታ አናግራታለሁ፤ እስከ ጠዋት ምን ይሆናል?» አልኩ። ልብ በሉ፣ ለወተቱ ያልኩትን ለቂሜም አልኩት።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰል ላያይዝ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። ጨርቁ ደርቋል። ክዳኑን ስከፍተው የመጣብኝን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወተቱ ተቋጥሯል፣ ላዩ አረፋ ሠርቷል፣ ዳቦው አብጦ ሟሟል። ሁለተኛውም ያው ነበር። አርባ እንቁላል! ሲጋገር ሽታው ይጠፋ ይሆናል ብዬ ማንኪያ ይዤ ማማሰል ጀመርኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን ለአርባ ሰው ላቀርበው አስቤ ነበር።

«ይሄ አይበላም» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ሻይ ልታፈላ መጥታ ነው። ድስቱን አየች፣ አሸተተች፣ እኔን አየች። «ሰው ታሳምሚያለሽ፤ ድፊው» አለችኝ። አልሳቀችብኝም። እርሷ አንዱን ድስት በአንድ ጆሮ ያዘች፣ እኔ በሌላው፤ ጓሮ ወስደን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ከዚያ ድስቶቹን በአመድና በሳሙና አጠብን፣ የፈላ ውኃም አፈሰስንባቸው። እኔ እያለቀስኩ ነበር የማጥበው።

ስንመለስ ሰፌዱ ላይ ያደረውን ሠላሳ ዳቦ አነሣችና በጣቷ መታችው፤ ደርቆ ነበር። «ይሄ ደኅና አድሯል» አለች። ወደ ቤቷ ሮጣ እንቁላልና ማንጎ ይዛ መጣች፤ እኔም ሁለት ጎረቤት ቀሰቀስኩ። በድምሩ ሃያ አራት እንቁላል አገኘን። ወተት ስላልነበረ አፍልተን ባቀዘቀዝነው ውኃ የዱቄት ወተት በጠበጥን። የደረቀ ዳቦ እርጥበቱን ስላጣ የሚያገኘውን ቶሎ ይጠጣል፤ ትኩሱ ዳቦ የሚሟሟውን ያህልም አይሟሟም። እንቁላሉ እስኪገባበት ድረስ ሃያ ደቂቃ በቃው። እርሷ ማንጎውን ልጣ በመሃል በመሃሉ ደረደረችው።

ኦቨን የለንም፤ ግን ድፎ ዳቦ የጋገረች እናት ያሳደገችው ልጅ እሳት ከላይም ከታችም እንደሚሆን ታውቃለች። ድስቱን ዘይት ቀብተን በለሰለሰ ፍም ላይ ጣድነው፤ ክዳኑ ላይም ፍም ዘረጋን። ከዚያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከመጠበቅ በቀር ሥራ አልነበረንም። ዝም ብለን እሳቱን እያየን ተቀመጥን።

«ያን ቀን የተናገርኩሽ ቃል ልክ አልነበረም» አልኳት። «መዝሙሩንም የሰረዝኩት ሰዓት ስላጠረ ብቻ አይደለም። ብሰርዘው ማንም አይቆጣም ብዬ ነው። የአማርኛውን ብሰርዝ ግን የሚቆጡ ብዙ እንደሆኑ አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ይህን ከመናገሬ በፊት እኔ ራሴም እንዲህ እንደሆነ አላወቅሁትም ነበር።

እርሷ ፍሙን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረገች። «መዝሙሩ ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር» አለችኝ። «እናቴ ግን ወደ ቤት ስንሄድ ‹ልጄ፣ መቼ ነው የምትዘምሪው?› አለችኝ። ያለቀ መሆኑን አላወቀችም ነበር።» ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ወዲያው ግን የቀረፋና የማንጎ ሽታ ከድስቱ ወጣ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ፍም እንዳያቃጥለው ዘልለን ተነሣን።

ቁርሱ ለአርባ ሰው ትንሽ ትንሽ ነበር የደረሰው። የታችኛው በኩል ትንሽ አሯል። ስለ ቀበርነው እንቁላል ለሁሉም በግልጽ ተናገርኩ፤ ከሣጥኑ የወጣውንም ቀስ በቀስ መለስኩ። ከምግቡ በፊት ጓደኛዬ የቀረውን መዝሙር መራች፤ እኔም በማላውቀው ቦታ እያጉረመረምኩ፣ በማውቀው እየጮኽኩ አብሬያት ዘመርኩ። ከዚያ ወዲህ በኅብረታችን ተስማምተን የአኙዋክኛው መዝሙር ሰዓት ሲያጥር የሚቆረጥ መሆኑ ቀርቷል፤ ቀድሞ ይዘመራል። ይህ ሁሉን አልፈታም፤ አሁንም የምንነጋገርባቸው ነገሮች አሉ። ግን አናሳድራቸውም።

ቤት ገብቼ ለአያቴ ስነግራት ሳቀች። «ልጄ፣ ሁሉም ነገር አያድርም» አለችኝ። «ሊጥ ካላደረ ኩፍ አይልም። በአገሬ ቆጮም ከርሞ ነው የሚጣፍጠው። ወተትና እንቁላል ግን በዚህ ሙቀት አያድሩም። የሚያድረውን ከማያድረው የማትለይ ሴት ቤተሰቧን ታሳምማለች።» በኅብረታችን ያለች ነርስ እኅትም በቁጥር አስረዳችኝ፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ፈጥነው ይራባሉ። እንቁላልና ወተት ያለበት ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የአክስቴ ዘዴ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው በፍሪጁ ምክንያት ነው። እኔ ምግቡን ተምሬ ፍሪጁን ረስቼ መጣሁ።

የአያቴን ቃል ይዤ መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት መናው ትዝ አለኝ። በዘጸአት 16 ላይ እስራኤላውያን ያሳደሩት መና ተልቶ ሸተተ፤ ለሰንበት ያሳደሩት ግን አልሸተተም። ምግቡ ያው መና ነው። ልዩነቱ እግዚአብሔር አሳድሩ ያለውን ማሳደርና አታሳድሩ ያለውን ማሳደር ነው። ተስፋ ያድራል፣ ጸሎት ያድራል፣ በትዕግሥት የሚጠበቅ መልስም ያድራል። ቂም ግን አያድርም። በክዳን ብንሸፍነው፣ እርጥብ ጨርቅ ብንጠቀልልበት፣ አጠገቡ ሌሊቱን ሙሉ ብንጸልይም ጠዋት ሲከፈት ይሸታል።

ግን ያሳደርነውስ? ለእኛ የቀረ ተስፋ አለ። ዮሐንስ 21ን አንብቡት። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ አደሩ፤ ጴጥሮስም የክህደቱን ኀፍረት ተሸክሞ ነበር። ንጋት ላይ ጌታ በባሕሩ ዳር የከሰል ፍም አንድዶ፣ ዓሣና ዳቦ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የአልዌሮን ዓሣ በፍም ላይ ጠብሰን የምንበላ እኛ ያ ጠዋት እንዴት እንደሚሸት እናውቃለን። ጴጥሮስ ጌታን የካደው በከሰል እሳት አጠገብ ነበር፤ የተመለሰውም በከሰል እሳት አጠገብ ነው። ጌታ መጀመሪያ አበላው፣ ከዚያ አናገረው። እኔንም በዚያ ጠዋት በፍም ዳር አስቀምጦ አናገረኝ።

ለአዳር ጸሎታችሁ ይህን ቁርስ ልትሠሩ ብታስቡ ማታ ማሳደር ያለባችሁ ዳቦውን ብቻ ነው። ቆራርሳችሁ አየር እንዲያገኘው በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ለአሥር ዳቦ ስምንት እንቁላልና ግማሽ ሊትር ወተት ይበቃል፤ እነዚህን ጠዋት ብቻ፣ እሳቱ ሲያያዝ ቀላቅሉ። ሃያ ደቂቃ ይጥለቅ፤ ከዚያ እሳት ከላይና ከታች ይሁን። መሃሉን በቢላ ስትወጉት ቢላው ደርቆ ከወጣ በስሏል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ማታ ወደ ጸሎት ስትገቡ፣ ከሁለት ሰው በኋላ የተንበረከከው ማን እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ። ምናልባት ተነሥታችሁ መሄድ ያለባችሁ ወደ እርሱ ነው፤ ጠዋትን አትጠብቁ።